ጆሮ ላይ የበቀለ ጠባሳ፦ ከመቁረጥዎ በፊት

[ምስል፦ ከተበሳ ጆሮ በስተጀርባ ሽንብራ የሚያክል፣ የሚያብለጨልጭ እብጠት]

ጆሮ ከተበሳ ከወራት በኋላ እንዲህ ያለ እብጠት ሲወጣ ብዙ ሰው «ቆርጣችሁ አውጡልኝ» ይላል። ይታገሡ። ይህ ኬሎይድ ነው፤ ተቆርጦ ብቻ ከተተወ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ብሶ።

ቆዳ ሲቆስል ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን እያመረተ ራሱን ይጠግናል። በኬሎይድ ጊዜ ግን ቁስሉ ድኖም ማምረቱ አይቆምም። መቁረጥ ደግሞ ሌላ ቁስል መፍጠር ነው።

[ምስል፦ በእስኪሪብቶ የተከበበ ጠባሳ]

መለያው ድንበሩ ነው። ያበጠው ጠባሳ ከቁስሉ ወሰን ካልወጣ በጊዜ ሊሟሽሽ ይችላል። ወሰኑን ተሻግሮ ጤነኛውን ቆዳ ከያዘ ኬሎይድ ነው። ቡጉር የሚተወው ጎድጓዳ ጠባሳ ከሁለቱም ይለያል፤ ቅባት አይሞላውም፣ የቆዳ ሐኪም በደቃቅ መርፌ ወይም በሌዘር ያክመዋል። ሌዘር ጠይም ቆዳ ላይ ያለ ልምድ ከተሠራ ራሱ ጥቁረት ሊተው ይችላል።

ለኬሎይድ የተለመደው መጀመሪያ ትሪያምሲኖሎን የተባለ፣ እብጠቱን የሚያሟሽሽ መድኃኒት መርፌ ነው፤ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ ይወጋል። ያማል። መድኃኒቱ ከእብጠቱ አልፎ ሥሩ ካለው ስብ ከገባ ቦታው ይሰረጉዳል፣ ቆዳውም ሊነጣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትንሽ ሲለሰልስለት ሲያቋርጥ ነው። መቆረጡ ግድ ከሆነም መርፌው አብሮ ይታቀድ።

[ምስል፦ በመቀስ የሚቆረጥ ሲሊኮን]

ለአዲስ ጠባሳ የሲሊኮን ልጥፍ ጥሩ ነው። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ቅርፊቱ ሲወድቅ ይጀምሩ። ከጠባሳው ትንሽ አስፍተው ይቁረጡ፤ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ ለ2 ወይም 3 ወር ይለጥፉ። በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና አጥበው ያድርቁት፤ ካልታጠበ አቧራ ጠርዙን ይይዘውና መጣበቁን ይተዋል፣ ላብ ሥሩ ሲታመቅም ቆዳው ሽፍ ይላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ነፋሻ ነው ብለው ፀሐይዋን አይናቁ። ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግር የሚሄድ ሰው ፊቱ ላይ ያለው አዲስ ጠባሳ ሊጠቁርበት ይችላል። መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ይቀቡ፤ ውጭ ከዋሉ በየ2 ሰዓቱ ይድገሙት።

ሎሚ አይቀቡ፤ ያቃጥልና ያጠቁራል። «ያቀላል» ተብሎ የሚሸጥ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈ ክሬምም አይንኩ፤ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል።

ልጅዎን ጆሮ ሊያስበሱ ነው? እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይም ወንድም እህቶቿ ኬሎይድ ካለባችሁ ይቅርባት፤ በተጣባቂ ጉትቻ ታጊጥ።