ያገለገለ ማሽን ልትገዙ ስትሄዱ ጣውላ ይዛችሁ ሂዱ

እንደምን አረፈዳችሁ፣ የሙያ ጓደኞቼ!

ስለ ያገለገለ የእንጨት ሥራ ማሽን እንድናገር ስትጠሩኝ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ብዙዎቻችሁ አሁን ያላችሁበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ሥራ አለ፤ ደንበኛ ይደውላል፤ እጅ ግን አልደርስ ይላል። አዲስ ማሽን ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ማሽንም አብሮ ተወደደ። ስለዚህ ያገለገለ መፈለጋችሁ ትክክል ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሥራችሁ የት ላይ እንደሚታነቅ እወቁ። ለአንድ ሳምንት ደብተር ላይ ጻፉት። ስንት ሰዓት በመሰንጠቅ፣ ስንት ሰዓት በመላግ፣ ስንት ሰዓት በብርጭቆ ወረቀት በማሸት ሄደ? ዋንዛ በእጅ እየላጋችሁ በር የምትሠሩ ከሆነ የሚቀድመው መላጊያ ማሽን ነው። በኤምዲኤፍ ቁም ሳጥንና ኪችን ካቢኔት የምትሠሩ ደግሞ ተንሸራታች ጠረጴዛ ያለው መጋዝ ፈልጉ። ሁሉን በአንድ የያዘው ኮምባይን ቦታ ለጠበበው ጥሩ ነው። ሠራተኞቻችሁ ሁለት ሦስት ሲሆኑ ግን አንዱ ሲሰነጥቅ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።

እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። መላጊያ ማሽን ነበር። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ሻጩ አስነሳው፤ ድምፁ አማረኝ፤ ከፈልኩ። በሦስተኛው ሳምንት፣ የ12 በር ትእዛዝ ይዤ፣ የሚወጣው ጣውላ ባንድ ጎኑ ይወፍር ጀመር። ቀለሙን ፍቄ ባየው ከጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከተፈሰሰ ብረት፣ የተሠራው ጠረጴዛ ተሰንጥቆ በብየዳ የተያያዘ ነው። ጊዛ እንደ ተራ ብረት ብየዳ በቀላሉ አይቀበልም። በደንብ ካልተያዘ ሙቀቱ ያጣምመዋል፤ ከብየዳው አጠገብም መልሶ ይሰነጠቃል። በሮቹን ሌሊት ሌሊት በእጅ ልገን አስረከብን። ያ ብር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ማሽን ለማየት ስሄድ ይቺን አንድ ሜትር ጣውላ ይዤ ነው። ሻጩ በሚያቀርብልኝ እንጨት አልፈትሽም። የራሴን አስገብቼ አወጣና አራቱንም ጥግ በካሊፐር እለካለሁ። ጫፏን በመዳፌ እዳብሳለሁ፤ ጎድጎድ ካለች ሮለሩ ወይም ጠረጴዛው ማስተካከያ ይፈልጋል ማለት ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ በጠርዟ አቆምና ማሽኑን አስነሳለሁ። ከወደቀች ንዝረቱ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ። ከዚያ ማሽኑ ከመብራት ይነቀላል፤ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ዘንጉን ይዤ ወደ ላይ ወደ ታች እነቀንቃለሁ። ከላላ ኩሽኔታው፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ አልቋል።

ኩሽኔታ ይቀየራል። ከሞተሩ ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ፣ ችንጋም ይቀየራል። ችንጋው የሚዞርበት ጎማ፣ ፑሌጃ፣ ቶርኖ ቤት ይሠራል። እነዚህን ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙባቸው እንጂ አትፍሯቸው። የተሰነጠቀ ጊዛና የተጣመመ ዘንግ ያለውን ግን በነጻም ቢሰጧችሁ ተዉት።

የሞተሩን ሰሌዳ ሳታነቡ ቀብድ አትስጡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ በስሪ ፌዝ፣ ማለትም በሦስት መስመር በሚገባው መብራት፣ 380፣ 50 ኸርዝ ነው። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ከዱባይና ከአውሮፓ የሚመጣው አብዛኛው ከዚህ ጋር ይስማማል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ግን 60 ኸርዝ ነው፤ ብዙ ጊዜም 120 ቮልት። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን አይነካም። የትልልቅ ማሽን ሞተር በእኛ መብራት ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፤ ከልክ በላይም ሊሞቅ ይችላል። ካርቦን ያላቸው የእጅ መሣሪያዎች ቮልታቸው ከተስተካከለ ኸርዙ ብዙም አያስቸግራቸውም። ዘመዶቻችሁ ለፍተው ነው የሚልኩት፤ ከመግዛታቸው በፊት የሰሌዳውን ፎቶ ይላኩላችሁ። ስሪ ፌዝ ከሌላችሁም ቆጣሪው ይቅደም። ቆጣሪ እስኪገባለት ማሽኑን ወራት በላስቲክ ሸፍኖ ያስቀመጠ ባልደረባ አለኝ።

ከያዛችሁት ብር ሲሶውን ኪሳችሁ አስቀሩ። መጓጓዣው፣ ቢላው፣ ገመዱ፣ ኩሽኔታው ከዚያ ነው የሚወጣው።

አሁን የምለውን በጣም አደራ እላችኋለሁ። ካገለገለ መጋዝ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው መከላከያው ነው። ሽፋኑ ይወልቃል። ከዲስኩ ጀርባ የምትቆመዋ ቀጭን ብረትም ትጠፋለች። ይቺ ብረት የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ዲስኩን እንዳይነክስና ወደ ሰው እንዳይወረወር የምታደርግ ናት። ቶርኖ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ወስዳችሁ በልኳ ሳታሠሩ መጋዙን አታስነሱ። ሥራ ሊለምዱ የመጡ ልጆች ናቸው ከፊቱ የሚቆሙት። ለነሱ ጣት ከኛ ሌላ ተጠያቂ የለም።

ከሻይ በኋላ እዚህ ግቢ ያለውን መላጊያ ማሽን በዚችው ጣውላ አብረን እንፈትሻለን። ዋጋ የተነገራችሁ ማሽን ካለ፣ የሰሌዳውን ፎቶ ይዛችሁ ወደ እኔ ቅረቡ። አመሰግናለሁ።