ኮምፕሬሽን ይውረድልኝ ከማለታችሁ በፊት

ሰላም ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ስለ ኮምፕሬሽን ሬሾ፣ ማለትም ሞተሩ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ጋዙን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቅ፣ እንነጋገራለን፤ በተለይም ስለ መቀነሱ። «ሞተሬ ዳገት ላይ ይንኳኳል፣ ኮምፕሬሽኑን ላስወርደው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። «ተርቦ ልገጥም ነው፣ ኮምፕሬሽኑን ልቀንስ?» የሚሉም አሉ፤ ተርቦ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው። ጥያቄዎቹ አንድ ይመስላሉ፣ ግን በጣም ይለያያሉ። ሁለተኛው ጠያቂ ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ግን እባክዎ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ሳያስፈቱ ይህን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ይመልከቱ።

ኑ፣ ሚኒባስ ታክሲ እንሳፈር። ጠዋት ነው፣ የሥራ መግቢያ ሰዓት። ታክሲው ሞልቷል፤ ረዳቱ ግን «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ነው። መስኮቱ ተዘግቷል። ትከሻ ከትከሻ ተጣብቋል። ሙቀቱ እያደር ይጨምራል። ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰብ ጀመረ፤ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወንበር በወንበር ወደ ኋላ ይሄዳል። በሥርዓት ከሄደ ሁሉም ሰላም ነው። ጤነኛ ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ካንዴላው ይለኩሳል፣ እሳቱ ከተለኮሰበት ቦታ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ዳር ይስፋፋል፣ ፒስተኑም ተገፍቶ ይወርዳል።

አሁን የኋላ ወንበሩን ተመልከቱ። አራት ሰው የሚቀመጥበት ላይ አምስት ሰው አለ። ረዳቱ ገና አልደረሰባቸውም። አንዱ እግሩ ተረገጠ፣ ሌላው ክርን አረፈበት፣ ሙቀቱም አለ፤ ድንገት ጠቡ ፈነዳ! ማን ለኮሰው? ማንም። ጭንቅንቁና ሙቀቱ ብቻ። በሲሊንደር ውስጥም እሳቱ ያልደረሰበት የዳር ጋዝ ከመጠን በላይ ሲጨመቅና ሲሞቅ እሳቱ እስኪደርስበት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ዳገት ላይ ማርሽ ሳትቀይሩ ነዳጅ ስትረግጡ የምትሰሙት ጠጠር በቆርቆሮ ላይ የተበተነ የሚመስል ድምፅ ይህ ነው። ሲደጋገም የፒስተኑን ጠርዝ ይበላል፣ ጓርኒሲዮኑን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ማሸጊያ) ያቃጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኮምፕሬሽን ሬሾ የታክሲው ስፋት ነው እንጂ የተሳፋሪው ብዛት አይደለም። ፒስተኑ ታች ሲሆን ያለው ቦታ፣ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው ቦታ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ ነው? ይኸው ነው። ተርቦ ማለት ደግሞ ያ «አንድ ሰው ብቻ» የሚለው ረዳት ነው፤ አየር ይጨምራል። ተጨማሪ ሰው ልትጭኑ ከሆነ ታክሲውን ማስፋት፣ ማለትም ሬሾውን መቀነስ፣ ተገቢ ነው። ተጨማሪ ሰው ሳይኖር ካሰፋችሁት ግን ያጣችሁት እንጂ ያተረፋችሁት ነገር የለም።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ቶዮታ ሱፕራ ላይ የተገጠመው 2ጄዜድ ሞተር ተርቦ የሌለው ሲሆን 10 ለ1 ነበር፤ ባለ ሁለት ተርቦው ግን 8.5 ለ1። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጣው የቶዮታ 4ኤ-ጂኢ ሞተርም 9.4 ለ1 ሲሆን ሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ኃይል እየዞረ አየር የሚጨምር መሣሪያ) የተገጠመለት ወንድሙ በ8 ለ1 ተጀመረ። አየር ሊጨምሩ ስለነበር ቦታ ለቀቁ።

ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ እንሂድበት፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ብዙ ኮሮላዎች ላይ ያለውን 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር እንውሰድ። የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 77 ሚሊ ሜትር። ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ ሲጓዝ ወደ 397 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር) ይጠርጋል፤ ታች ሲሆን ያለው ቦታ የዚህና ላይ የሚቀረው ቦታ ድምር ነው። ሬሾው 9.5 ከሆነ ላይ የሚቀረው ቦታ 46.7 ሲሲ ነው። ወደ 8.5 ለማውረድ 52.9 ሲሲ ያስፈልጋል። ልዩነቱ 6 ሲሲ ገደማ፣ የሻይ ማንኪያ ከምትይዘው ጥቂት የሚበልጥ። ለዚህች ትንሽ ቦታ ሲባል በስሌት ደረጃ ከሞተሩ ብቃት 3 በመቶ ያህል ይሄዳል። ተርቦው አየር ሲጨምር ይህን ይክሳል፤ ተርቦ ከሌለ ግን ኪሳራው የእናንተ ነው። ይህን ስሌት ለራሳችሁ ሞተር መሥራት የምትፈልጉ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በወረቀት ላይ አብረን እንሠራዋለን።

አሁን በአስተያየት መስጫው ላይ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ ሳልመልስለት ማለፍ አልችልም። «የእኔ መኪና አሮጌ ነው፣ ኮምፕሬሽኑ በራሱ ወርዷል፣ ስለዚህ ተርቦ ይችላል።» ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በፍጹም! ሜካኒኩ «ኮምፕሬሽን የለውም» ሲላችሁ የሚናገረው ስለ ግፊት ነው። የፒስተን ፋሻው (ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያሽገው ቀለበት) አልቋል፣ ወይም ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ አየሩም ያመልጣል። የታክሲው በር ተበላሽቶ ሰው እየወደቀ ነው እንጂ ታክሲው አልሰፋም። ሬሾው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። እንዲያውም ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተር ውስጥ ጥቀርሻ ስለሚጋገር ላይ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፤ ሬሾው በጥቂቱ ይጨምራል! በዚያ ላይ ተርቦ መግጠም በሩ በማይዘጋ ታክሲ ውስጥ ሰው መጠቅጠቅ ነው።

ከዚሁ ጋር ደግሞ የከፍታው ነገር አለ። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ታዲያ የኮምፕሬሽን ግፊቱ ሲለካ በባሕር ጠለል 13 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ፍጹም ጤነኛ ሞተር እዚህ ሲለካ 10 ባር ገደማ ያሳያል። የውጭ አገር መመሪያ መጽሐፍ ይዞ የሚለካ ሰው «ሞተሩ አልቋል፣ ይፈታ» ሊል ነው! ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት ሲፈታ ማየት ያሳዝነኛል። ከቁጥሩ ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን ተመልከቱ። ሬሾው አዲስ አበባም ጅቡቲም ያው ነው፤ የሚለያየው የሚገባው አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ድምፁ የማይሰማ መኪና ጭነት ይዞ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ የሚንኳኳውም ለዚህ ነው። አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው።

እና ሞተሩ የሚንኳኳበት ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ራዲያተሩን ይይ። ካንዴላው ለሞተሩ የታዘዘው ዓይነት ነው? ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ቀድሞ አልተስተካከለም? ጥቀርሻው ተጠርጓል? የተሻለ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም በራሱ ለመፈንዳት የሚያስቸግር፣ ቤንዚን ከተገኘ ይሞክር። ከዚያም ወሳኙ ጥያቄ፦ ሞተሩ ከዚህ በፊት ፈልቶ ቴስታታው ተልጦ ያውቃል? ይህ እኛ አገር ብዙ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተላጠ በኛ ምሳሌ ሞተር ላይ ከሚቀረው ቦታ ከ2 ሲሲ በላይ ይጠፋል፤ 9.5 የነበረው ወደ 10 ይጠጋል። እንዲህ ላለው ሞተር በተላጠው ልክ ትንሽ የሚወፍር የጥገና ጓርኒሲዮን ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ይህ መቀነስ ሳይሆን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ተርቦ ለሚገጥሙት ግን ወፍራም ጓርኒሲዮን አልመክርም። ሁለት ጓርኒሲዮን ደራርቦ ማሰርማ ጭራሽ አይታሰብ! ምክንያቱን ልንገራችሁ። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ጠርዙ ከቴስታታው ጋር በጣም ይቀራረባል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። ይህ ጠባብ ክፍተት የዳሩን ጋዝ ጨምቆ ወደ መሃል ይተፋዋል፣ ያማስለዋል፣ እሳቱም ቶሎ እንዲዳረስ ያደርጋል። 8.5 ለማግኘት ጓርኒሲዮኑን በ1.2 ሚሊ ሜትር ብታወፍሩት ክፍተቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ማማሰሉ ቀረ፤ የዳሩ ጋዝ እዚያው ተቀምጦ ይሞቃል። ያ የኋላ ወንበር ጠብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው! ሬሾውን ቀንሳችሁም ሞተሩ ሊንኳኳ ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ አናቱ መሃል ላይ ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙ ግን እንደነበረ የሆነ ፒስተን ነው። ይወደዳል፣ አውቃለሁ። የነበረውን ፒስተን ቶርኖ ቤት ወስዶ አናቱን ማስበላት ግን ርካሽ የሚመስል ውድ ሥራ ነው፤ ብረቱ ሲሳሳ ሙቀትና ግፊት በሚበዛበት ቦታ ላይ ይዳከማል። ተርቦ ያለው ሞተር የሚቀደደውም እዚያው ላይ ነው።

ስንት ድረስ እንውረድ? ለመንገድ መኪና ከ8.5 በታች አልደግፍም። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በሚጓዝ መኪና ውስጥ ተርቦው አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ መኪናው የሚንቀሳቀሰው በዚያ በተዳከመ ሞተር ነው። ማለዳ ላይ ለመነሣት ያስቸግራል፣ ቤንዚንም ይበላል። ዘመኑም ወደ ላይ እየሄደ ነው። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2011 በቤንዚን ሞተር 14 ለ1 አድርሷል። ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ነዳጁ ሲተን ስለሚያቀዘቅዛቸው ተርቦ ይዘው 10 ለ1 ይሠራሉ። ኒሳን ደግሞ እየሄደ ከ8 እስከ 14 ሬሾውን የሚቀያይር ሞተር ለገበያ አቅርቧል።

ፒስተን ከማዘዛችሁ በፊት የራሳችሁን ለኩ። ቴስታታውን ገልብጡት፣ ቫልቮቹና ካንዴላው እንደተገጠሙ ይሁኑ። ጠርዙን ግሪስ ቀቡና ትንሽ ቀዳዳ ያለው መስታወት ክደኑበት። በመርፌ ሲሪንጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ በቀዳዳው ሙሉት፤ የአየር አረፋው እስኪጠፋ ድረስ። ስንት ሲሲ እንደገባ ጻፉ። አራቱንም እንዲሁ አድርጉ። የጓርኒሲዮኑን ውፍረትና የፒስተኑን አናት ቅርጽም መዝግቡ። ቁጥሮቹን ከሞተሩ ዓይነት ጋር ከታች ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስሌቱን የምንሠራው በእነርሱ ነው።