ከአሮጌ ሹራብ የመከዳ ልብስ፦ ሳይተረተር እንዴት ይሰፋል?

(ምስል፦ ጠዋት፣ ደሴ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቷል። ካሜራው ወደ ቤት ይገባል። መደቡ ላይ ሦስት መከዳዎች ግድግዳውን ተደግፈዋል።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ?

እኔ ያለሁት ደሴ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳር ሲገባ ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል። ታች ኮምቦልቻ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል። እኛ እዚህ ሹራብ ላይ ጋቢ እንደርባለን።

ስለዚህ በየቤቱ ሹራብ አለ። የማይለበስ ሹራብም አለ። ክርኑ ያለቀ፣ ለልጅ የጠበበ፣ አንገቱ የሰፋ። ለሰው እንዳይሰጡት አርጅቷል። እንዳይጥሉት ያሳዝናል። ዛሬ እሱን የመከዳ ልብስ እናደርገዋለን። ለሶፋ ትራስም አሠራሩ ያው ነው።

(ምስል፦ ቡናማ የወንድ ሹራብ ጠረጴዛ ላይ። ፊቱ በቁልፍ የሚዘጋ፣ ከታች ግራና ቀኝ ኪስ ያለው።)

ይህ የአባቴ ሹራብ ነው። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ይለብሰው ነበር። ካረፈ በኋላ እናቴ አራት ዓመት ሙሉ ለማንም አላስነካችም። ባለፈው ወር ራሷ አመጣችልኝ። "ቅደጂው፤ ኪሱን ግን እንዳትነኪው" አለችኝ። እኔም ኪሱን ሳልነካ እንዴት እንደምሠራው ስንት ቀን አሰብኩ። አሁን እናንተም ታዩታላችሁ።

(ምስል፦ ክር ከሹራቡ ውስጥ ሲመዘዝ በቅርበት።)

መጀመሪያ ሹራቡ ከምን እንደተሠራ እንወቅ። ከውስጥ ያለው ምልክት ይነግራችኋል። ሰልባጅ ከሆነ ግን ምልክቱ ተቆርጦ ወይም ጽሑፉ ጠፍቶ ይሆናል። ያን ጊዜ ከውስጥ ስፌቱ ጋ ትንሽ ክር ምዘዙ። የብረት ሳህን ላይ በወረንጦ ይዛችሁ ለኩሷት። ልጆች አጠገባችሁ አይኑሩ።

ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። እሳቱ ቶሎ ይጠፋል፤ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ጥጥ ደግሞ ሽታውም አነዳዱም እንደ ወረቀት ነው።

ለምን ይህን ያህል ተጨነቅሽ ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቱም ሱፍ ከሆነ ሥራው ግማሽ ተቃለለ። የበግ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሹራቡ ይኮማተራል፣ ይወፍራል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ከዚያ በኋላ በመቀስ ብትቆርጡት አይተረተርም።

ይህ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። ደጋው ላይ ባና፣ ያ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ተሸምኖ ሲያልቅ በሙቅ ውሃ እየተነከረ በእግር ይረገጣል። ባና ጥቅጥቅ ብሎ ብርድ የሚችለው ለዚህ ነው። እናንተም የሱፍ ሹራባችሁን እንደ ባና ርገጡት። ሳፋ ውስጥ እግር የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል መርገጥ። ውሃው ሲበርድ ቀይሩት። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። በደንብ ስለሚያንስ ሰፊውን ሹራብ ምረጡ። አንዳንዱ ሱፍ በማሽን ታጥቦ እንዳይጠብ ፋብሪካ ውስጥ የታከመ ነው። እሱ ቢረገጥም አይጠብቅም። ከመቁረጣችሁ በፊት ሳቡትና እዩት። የሹራቡ ዓይን አሁንም ከተከፈተ እንደ አክሪሊክ ቁጠሩት።

የአባቴ ሹራብ አክሪሊክ ነው። እኔ ሰልባጅ ተራ ስዞር በብዛት የማገኘውም እሱን ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ለአክሪሊክና ለጥጥ ሹራብ ነው።

(ምስል፦ የተተረተረ የልጅ ሹራብ።)

ይህን ተመልከቱ። የመጀመሪያ ሙከራዬ ነው፤ የታናሽ እህቴ ሹራብ ነበር። መጀመሪያ ቆረጥኩ። ወደ ስፌት መኪናው ስወስደው ጠርዙ መፈታት ጀመረ። በጣቴ ልይዘው ስሞክር ባሰበት። የቀረው ክር ብቻ ነው። በጣም አዘንኩ፤ ሌላ አልነበረኝማ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሹራብ ላይ ስፌት ይቀድማል፣ መቀስ ይከተላል።

(ምስል፦ መለኪያ ሜትር፣ ስስ የሳሙና ቁራጭ፣ ስፒል፣ አቡጀዲ።)

ወደ ልኩ እንግባ። ትራሳችሁ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ 38 በ38 ይሁን። ሁለት ሳንቲም ሲጠብ ትራሱ ሞላ ብሎ ይቆማል። ለስፌት በየጎኑ አንድ ተኩል እንጨምራለን። ስለዚህ የምናሰምረው 41 በ41 ነው።

ሹራቡን ቆልፉ። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ አትሳቡት። የቁልፉ መስመር መሀል ላይ እንዲውል አድርጋችሁ ፊቱን በሳሙና አስምሩ። ልብሱን የምንከፍተውና የምንዘጋው በራሱ በሹራቡ ቁልፍ ነው። ዚፕ አንገዛም፣ የቁልፍ ቀዳዳ አንሠራም። ኪሶቹም መስመሩ ውስጥ ገብተዋል። እናቴ ያለችው ተከበረላት።

ከኋላ በኩልም 41 በ41 አስምሩ። ፊቱና ጀርባው ለየብቻ እንዲሰፉ የጎንና የትከሻ ስፌቱን ፍቱ። አይዟችሁ፣ ፋብሪካ የሰፋው ስፌት አንዱ ጫፍ ከተገኘ ተስቦ ይወጣል።

አሁን አቡጀዲ። ሹራብ ብቻውን ከሆነ ሰው በተደገፈበት ቁጥር ይለጠጣል። በሁለት ወር ከረጢት ይሆናል። አቡጀዲውን ቀድማችሁ እጠቡት፤ ሲታጠብ ይጠባል። ለጀርባው አንድ ሙሉ ገበር ቅደዱ። ለፊቱ ግን ገበሩን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ ከቁልፉ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሙሉውን ካደረጋችሁት ቁልፉ ቢከፈትም ገበሩ መንገድ ይዘጋል። የመሀሉን ጠርዝ አጥፋችሁ በእጅ ያዙት። ዙሪያውን በስፒል ያዙ።

(ምስል፦ የእግር መርገጫ ያለው ጥቁር ሲንጀር። መርፌው በቅርበት።)

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ሥራው የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ነው።

ካሰመራችሁት መስመር ግማሽ ሳንቲም ወደ ውስጥ ገብታችሁ ዙሪያውን ስፉ። መኪናችሁ ዚግዛግ ካለው በዚግዛግ። የእኔ ሲንጀር ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሁለት መስመር ጎን ለጎን አስኬዳለሁ። የስፌቱን እርምጃ ረዘም አድርጉት፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል። መርፌው ጫፉ ዶልዶም ያለ፣ ለሹራብ የሚሆን ቢሆን ይመረጣል። ሹል መርፌ ክሩን ይበጥሳል፣ ቀዳዳው በኋላ ይሰፋል።

ሹራቡ ከመኪናው እግር ሥር እየተለጠጠ ከተንቀረፈፈባችሁ ከሥሩ የጋዜጣ ቁራጭ አድርጉ። ከወረቀቱ ጋ አብራችሁ ስፉት። ስትጨርሱ ወረቀቱ ተቀድዶ ይወጣል። ይህን ያስተማሩኝ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሰፉ አንድ አባት ናቸው። እስከዛሬ እመርቃቸዋለሁ።

አሁን መቀስ አንሱ። በመስመሩ ላይ ቁረጡ። እዩት፣ አይተረተርም!

የፊቱንና የጀርባውን ቁራጭ፣ የውጭ ገጻቸው ወደ ውስጥ ተያይቶ እንዲውል አድርጋችሁ አገናኙ። ከዚያ በፊት ግን መሀል ያሉትን ሁለት ቁልፎች ክፈቱ። ተቆልፎ ከሰፋችሁት የምትገለብጡበት በር አይኖርም። አራቱንም ጎን በአንድ ተኩል ሳንቲም ስፉ። ቁልፉ የሚያልፍበት ቦታ ወፍራም ነው፤ እዚያ መዘውሩን በእጅ አዙሩ። ማዕዘኑ ላይ ትርፉን ጥቂት ብቻ ቀንሱ፤ ስፌቱ ጋ አትድረሱ። ገልብጡት።

ካውያ አታሳርፉበት። አክሪሊክ በሙቀት ይለጠጣል፣ ማብለጭለጭ ይጀምራል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በትንሽ ሙቀት ከላይ ከላይ ነካ ማድረግ ይበቃል።

መኪና የሌላችሁ፣ በእጅም ይሆናል። መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ስፉ። አንድ ምሽት ይወስዳል።

(ምስል፦ በጭንቅላት የሚጠለቅ ቀይ ሹራብ።)

ቁልፍ የሌለው ሹራብ ከሆነ፣ ታችኛውን ጠርዙን ተጠቀሙበት። እሱ ፋብሪካ የጨረሰው ጠርዝ ነው፤ ዝምዝማት አይፈልግም። ጀርባውን ከሁለት ቁራጭ ሥሩ። ያ ጠርዝ ከላይ ይዋል፤ የታችኛውን ቁራጭ ጠርዝ አጥፋችሁ ዘምዝሙት። ሁለቱ መሀል ላይ 10 ሳንቲም ያህል ይደራረቡ። ትራሱ በዚያ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል።

(ምስል፦ እናት መደቡ ላይ፣ ቡናማውን መከዳ ተደግፈው። ረከቦቱ ከፊታቸው።)

የአባቴ ሹራብ ይኸው። እናቴ ቡና ስታፈላ ትደገፈዋለች። ሙስበሃዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ግራ ኪሱ ውስጥ ትከተዋለች። አባቴም የሚያስቀምጠው እዚያው ነበር። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ ስትከት አይቼ ነው የጠየቅኳት።

ማጠብ ሲያስፈልግ ትራሱን አውጡና በለብ ያለ ውሃ እጠቡ። አትጠምዝዙት። ሽቦ ላይ አትስቀሉት፣ ዘርጉት።

(ምስል፦ ሁለት እጅጌዎች ጠረጴዛ ላይ።)

እጅጌዎቹ ቀርተዋል። አትጣሏቸው። የአንዱን ጫፍ ስፉት፣ የተቆራረጠውን ጨርቅ ሁሉ ውስጡ ጠቅጥቁት፣ ሌላውንም ጫፍ ዝጉት። ማታ በሩ ሥር፣ ነፋሱ የሚገባበት ላይ አስተኙት። እኛ ቤት ከትናንት ጀምሮ እዚያ ተኝቷል።