ጎብኚው ምን ይዞ ገባ?

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ ከአጋሮና ከሊሙ ድረስ በዚህ ዝናብ ወደ ጅማ የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባጋ ናጋን ዱፍተን።

ለዚህ ጉባኤ ስዘጋጅ የአምናውን የሥዕል ኤግዚቢሽን የጎብኚ መዝገብ ይዤ ሁለት ምሽት ተቀመጥኩ። ገጹ ሁሉ ሞልቷል። «በጣም ደስ ይላል፣ በርቱ።» «ግሩም ነው፣ ቀጥሉበት።» «እግዚአብሔር ይርዳችሁ።» «አላህ ይጨምርላችሁ።» ሳነብ ልቤ ሞቀ። ግን እነዚህ ሰዎች የትኛው ሥዕል ጋ ቆሙ? ምን ገባቸው? ምን ግራ አጋባቸው? በመዝገቡ ውስጥ ስለ አንድም ሥዕል የተጻፈ ነገር የለም። ምርቃቱን ተቀብለናል፤ መራቂዎቹን ግን አላወቅናቸውም።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በር ላይ ተራዬ ነበር። አንድ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ዝናብ ሸሽቶ መጣ። ቦቲው ጭቃ ስለነበር ገባ ወጣ ሲል «ግቡ፣ ግቡ» አልኳቸው። ቀስ እያሉ ሄደው ቡና የምትለቅም ሴት የተሣለችበት ሥዕል ጋ ቆሙ። ብዙ ቆዩ። አባትየው ጣቱን ወደ ቅርጫቱ ቀስሮ «አየሽ፣ አረንጓዴውንም አብራ ለቅማዋለች» አላት። ያንን ሥዕል የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ስንት ቀን አጠገቡ ቆሜያለሁ። ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ እንዳለበት ግን ልብ አላልኩም። ልጅቷ «ለምን?» አለች። አባትየው ትንሽ አሰበ። «ሌባ ፈርታ ይሆናላ። ወይ ደግሞ ብር ቸግሯት።» ይሄኔ ልጅቷ ቀና ብላ የሴትየዋን ፊት አየች። «ለዚህ ነዋ ያዘነችው» አለች።

ሥዕሉ ስር የለጠፍነው ወረቀት ርዕስ፣ የሠዓሊው ስም፣ ዓመተ ምህረትና «ዘይት ቀለም በሸራ ላይ» ይላል። አላነበቡትም። ሲወጡ መዝገቡን ሰጠኋቸው። አባትየው ብዕሩን ተቀብሎ «በርቱ» ብሎ ጻፈ።

ይህን ነገር በጥናት የያዙት ሰዎች ብዙ ናቸው። ጆን ፎልክና ሊን ዲርኪንግ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የሙዚየም ጎብኚውን ልምድ በሦስት ነገር አይተውታል። ሰውየው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው እውቀትና ፍላጎት አንድ ነው። አብሮት ያለው ሰውና ወሬያቸው ሌላው ነው። ቦታው ራሱ ደግሞ ሦስተኛው ነው። የዚያን ቀን ሦስቱም ፊቴ ነበሩ። አባትየው ቡናውን ይዞ ገባ። ልጅቷ ጥያቄዋን ይዛ ገባች። እኛ ያዋጣነው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ይህን ለማቃለል አይደለም፤ ያለ ግድግዳው ወሬውም አይኖርም ነበር።

ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጄፍሪ ስሚዝና ሊሳ ስሚዝ ሰዓት ይዘው ጎብኚዎችን ተከታትለው ነበር። ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ወጣ። በአንድ ሥራ ፊት የሚቆዩበት ጊዜ በአማካይ 27 ሰከንድ ገደማ ነው። ግማሹ ግን ከ17 ሰከንድ አላለፈም። ወረቀቱን የሚያነቡበትም ጊዜ እዚሁ ውስጥ ነው። ከዓመታት በኋላ ጥናቱ በቺካጎ ተደገመ፤ አማካዩ ብዙም አልተለወጠም። እኔ ግን ሰከንድ ብቻ መቁጠሩ ያሰጋኛል። ብዙ የቆየ ሁሉ ብዙ አየ ማለት አይደለም። ተማሪዎች ይዘን ስንመጣ አይታችኋል። ልጆቹ ደብተራቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ቃል በቃል ይገለብጣሉ። ደቂቃዎች ይቆማሉ፤ ሥዕሉን ቀና ብለው አያዩም። እኔም መምህር ሆኜ «ጻፉ» ያልኩበት ጊዜ አለ። ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ይልቅ አቢጌል ሃውዘንና ፊሊፕ የናዋይን ሥዕልን አብሮ ለማየት ያዳበሩት የሦስት ጥያቄ ዘዴ አለ። እዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው? ሌላስ ምን ይታያችኋል? በቃ። አባትና ልጅ ማንም ሳያስተምራቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። የተማሪ ቡድን ስንቀበል ከዚህ እንጀምር።

ስለ ድካምም ልናገር። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን ጊልማን በ1916 እ.ኤ.አ. አንድን ሰው ዕቃ ለማየት ሲያጎነብስ ፎቶ አስነሥቶ፣ ጎብኚ የሚደክመው በአሰቃቀላችንና በአቀማመጣችን ጭምር መሆኑን አሳየ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የእኛ ሥዕሎች ግን በረጅም ሰው ዓይን ልክ ተሰቅለው ነበር። ልጆች አንገታቸውን አንጋጠው ነው ያዩት። መቀመጫም አልነበረም። ጅማ ውስጥ! ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚጠርቡ እጆች ባሉበት ከተማ አንዲት እናት ልጅ አዝላ ግድግዳ ተደግፋ ስታርፍ አየሁ። ይህ ዘንድሮ መስተካከል አለበት።

አንዳንዶቻችሁ መጠይቅ እንበትን ብላችኋል። ጥሩ ነው፤ ግን ይሉኝታችንን አትርሱ። እንግዳ ተጠርቶ «ወደዱት?» ሲባል «በጣም!» ነው የሚለው። ሌላ ምን ይበል? ስለዚህ «ዛሬ ማታ ቤት ገብተው ስለየትኛው ሥዕል ያወራሉ?» ብለን እንጠይቅ። በሚቀለው ቋንቋ ይመልስ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። መውጫው ላይ ቡና ይፈላ። ሰው ሲኒ ይዞ ቁጭ ሲል የሚናገረውን ቆሞ አይናገረውም።

ሥራ አስፈጻሚው ለዘንድሮ የሚያቀርበው እቅድ ይኸው ነው። አዲስ የመብራት ዕቃ ከመግዛታችን በፊት በርጩማ እናሠራ። በየቅዳሜው ሁለት ሁለት አባላት ደብተር ይዘው ጥግ ላይ ይቀመጡ። እንደምናስተውል በር ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ያልፈለገ ሰው አይመዝገብ፤ ስም አይያዝ። የት ቆሙ፣ ማን ለማን ምን አሳየ፣ ምን ተጠያየቁ፣ ይህን ብቻ እንጻፍ። በየሦስት ወሩ ተሰብስበን እናንብበው። ሠዓሊዎቻችንም ይምጡ። የቡናውን ሥዕል የሣለው ልጅ ስለ አረንጓዴው ፍሬ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና፣ «እናቴ ናት» አለኝ።

የቅዳሜው ተራ መመዝገቢያ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ነው። ከሻይ ዕረፍት በፊት ስማችሁን አስፍሩ። ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በደስታ አበስራለሁ። አመሰግናለሁ፤ ገለቶማ።