ከቁርስ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ላወራችሁ ነው። ስለ ኤች ፓይሎሪ። በተለይ ስለ አወሳሰድ ሰዓቱ።

ፋርማሲ ውስጥ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፍልንን ታውቁታላችሁ። «1×2፣ ከምግብ በፊት»። በቃ። ምን ያህል በፊት? ብዙ ሰው እጁን ታጥቦ፣ ማዕዱ ከቀረበ በኋላ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ዋጥ አድርጎ ወዲያው ይጎርሳል። በፊት ነዋ!

ኦሜፕራዞል ግን ከምግብ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው የሚወሰደው። ጨጓራችን ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ስንበላ ሥራ ይጀምራሉ። ኦሜፕራዞል የሚይዘው ሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ብቻ ነው፤ የተኛውን አይነካውም። ደም ውስጥም የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ነው። ስለዚህ ምግቡ ፓምፖቹን ሲቀሰቅስ መድኃኒቱ ቀድሞ ደርሶ መገኘት አለበት።

ይሄ ነገር ቃር ከማስታገስ ያለፈ ነው። ከኦሜፕራዞል ጋር ብዙ ጊዜ ባክቴሪያውን የሚገድሉ ሁለት አንቲባዮቲኮች ይታዘዛሉ፤ ክላሪትሮማይሲንና አሞክሳሲሊን። አሲድ ሲበዛ ክላሪትሮማይሲን ይበላሻል። አሞክሳሲሊን ደግሞ የሚገድለው በመራባት ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው፤ አሲዱ ሲቀንስ ባክቴሪያው ይራባል፣ ያኔ ይመታል። ያቺ ግማሽ ሰዓት ስትዘለል የሌሎቹም መድኃኒቶች አቅም አብሮ ይደክማል ማለት ነው። ይሄን በአንድ ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል። ለምን እንደማይነገረን አይገባኝም፤ ያናድደኛል።

እናቴ ዘንድሮ የ14 ቀን መድኃኒት የታዘዘላት ልክ ፍልሰታ ሲገባ ነው። እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው። ትጾሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። እሷ በልቧ አንዱን በ9 ሰዓት፣ ሌላውን ማታ ልትውጠው አስባለች። መሃሉ 12 ሰዓት መሆን ሲገባው ማለት ነው። የነፍስ አባቷን አማከረች፤ በሽተኛ ነሽ፣ የጾሙን ምግብ በጠዋት ብዪ አሏት። ከዚያ በኋላ ቀለል አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ኦሜፕራዞል በውኃ። አይታኘክም፣ እንዳለ ነው የሚዋጠው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮ ፍትፍት፤ አንቲባዮቲኮቹ ከእሱ ጋር። ማታም በዚያው ሰዓት። አንቲባዮቲኮቹን ምግብ አይጎዳቸውም፣ እንዲያውም ማቅለሽለሹን ያቀልላታል። ክላሪትሮማይሲን አፏ ላይ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ትቶባት ቡናዋን አስጠልቷት ነበር፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ለቀቃት።

ረመዳን ላይ ያላችሁም ሱሁርና ኢፍጣርን ይዛችሁ ሐኪማችሁን ቀድማችሁ አማክሩ። እኔ ጾመኛ ነኝ በሉ፤ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕመሙ ስለተወ ባክቴሪያው ጠፍቷል ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ መመርመር ያስፈልጋል። ከምርመራው በፊት ደግሞ ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት ይቆማል፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። የደም ምርመራው ለዚህ አይሆንም፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት አለ ሊል ይችላል። የሰገራውን ጠይቁ። የእናቴ ቀጠሮ ከመስቀል በፊት ነው፤ ውጤቱን እነግራችኋለሁ።