አንገትን ለበረራ ማዘጋጀት

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። የዛሬውን ክፍል የምቀርጸው ሐዋሳ ከሚገኘው ቤቴ ነው። የምናገረውም በዚህ በዐቢይ ጾም ወቅት ሐሳቤን ሁሉ ስለያዘው ጉዳይ፣ ማለትም ከፋሲካ በኋላ ጀርመን ሄጄ ስለምወስደው የግላይደር በረራ ማደሻ ሥልጠናና ለእርሱ ብዬ ስለጀመርኩት የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ይሆናል።

ይህን ሞተር የሌለው አውሮፕላን ማብረር የተማርኩት በዚያው አገር ተማሪ ሳለሁ ነበር። በአውሮፓ ደንብ የግላይደር አብራሪ ፈቃድ በራሱ ጊዜው አያልፍበትም። ይሁን እንጂ በፈቃዱ ለመጠቀም የሚሻ ሰው ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ 5 ሰዓት የበረረና 15 ጊዜ ከመሬት የተነሣ መሆን አለበት፤ ከአሰልጣኝ ጋር የተደረጉ 2 የሥልጠና በረራዎችም ይጠበቁበታል። ይህን ያላሟላ ሰው ወይ ከፈታኝ ጋር በርሮ ብቃቱን ያሳያል፣ ወይ በአሰልጣኝ ክትትል ሥር እየበረረ የጎደለውን ይሞላል። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ። ፈተና ጠልቼ አይደለም እንዳልል ጥቂት ጠልቻለሁ፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ከአንድ የፈተና በረራ ይልቅ በተደጋጋሚ ተነሥቶ ማረፍ የበለጠ ያስተምራል ብዬ ማመኔ ነው።

የአካል ብቃት ግብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሚዛን ላይ የሚታየውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ እዚህም ዋጋ አለው። በብዙ ክለቦች ለሥልጠና የሚያገለግለው ባለሁለት መቀመጫው ኤኤስኬ 21 በአንድ መቀመጫ የሚፈቅደው ከፍተኛ ጭነት 110 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ በዚህ ውስጥ አብራሪው የሚያዝለው 7 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፓራሹት ይቆጠራል። እንደ እኔ ወደ መቶ ኪሎ የተጠጋ ሰው ጫማውንና ጃኬቱን ሲደምርበት የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ደግሞ በደንቡ ውስጥ የተለየ አንቀጽ አልተጻፈለትም።

ያም ሆኖ፣ ክብደት መቀነስ ከዝግጅቱ ሁሉ ቀላሉ ነው ባይ ነኝ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንገቴ ነው። ብዙ ግላይደሮች ወደ ላይ በሚያነሣቸው በአንድ የሞቃት አየር ዐምድ ውስጥ ተደራርበው፣ ሁሉም ቀድሞ የገባው በሚዞርበት አቅጣጫ እየዞሩ ሲወጡ፣ ከግጭት የሚያድነው በመጀመሪያ ደረጃ ዐይን ነው፤ ዐይን ደግሞ አንገት የወሰደው ቦታ ድረስ ብቻ ይደርሳል። ክንፍን በ45 ዲግሪ ወደ ጎን አጋድሎ በሚደረግ ዙር ሰውነት 1.4 እጥፍ ስለሚከብድ፣ 5 ኪሎ ገደማ የሚሆነው ራሳችን 7 ኪሎ ሆኖ አንገታችን ላይ ይጫናል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው አንገት ይህን ሸክም ይዞ በየጊዜው ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ እስከ ክንፉ ጫፍና ከዚያም ወደ ኋላ መመልከቱን ከሰዓታት በኋላም እንዲቀጥል ከተፈለገ፣ አስቀድሞ መለማመድ አለበት። ስለዚህ ማታ ማታ ወንበሬን ወደ ኋላ አጋድሜ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ አንገቴን በዝግታ አዞራለሁ።

ሁለተኛው ልምምዴ ከመቀመጫው መውጣትን የሚመለከት ነው። በአደጋ ጊዜ አብራሪው ክዳኑን ጥሎ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ፓራሹት እንዳዘለ በክንዱ ኃይል ከጠባቡ ወንበር መነሣት ይኖርበታል። ይህን የምለማመደው ፍቅር ሐይቅ ዳር ነው፤ ሰባት ኪሎ የጤፍ ዱቄት የያዘ ቦርሳ አዝዬ፣ በዝቅተኛው የድንጋይ ግንብ ላይ እግሬን ዘርግቼ እቀመጥና በመዳፌ ገፍቼ እነሣለሁ። አላፊ አግዳሚው ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። ጾም ስለሆነ ሩጫውን ወደ አመሻሽ አዛውሬዋለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሽሮ ወይም ምስር ከተበላና ውኃ በደንብ ከተጠጣ በኋላ ማለት ነው።

ከሰውነት ጋር አብሮ የሚለማመድ አእምሮ አለ። በዊንች፣ ማለትም መሬት ላይ ያለ ሞተር በሚጠቀልለው ረጅም ገመድ ተስበው ሲነሡ የግላይደሩ አፍንጫ ሽቅብ በጣም ስለሚቀና፣ ገመዱ ቢበጠስ ፍጥነቱ በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። የሚደረገው ነገር ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መሪውን ወደ ፊት ገፍቶ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም የማረፊያው ፍጥነት እስኪመለስ መጠበቅ። ከባዱ መጠበቁ ነው፤ እጅ ወዲያው መዞር ወይም ግላይደሩን ዝቅ የሚያደርገውን የአየር ፍሬን መክፈት ያምረዋል። ፍጥነቱ ከተመለሰ በኋላ ብቻ፣ ፊት ለፊት የቀረው ሜዳ ይበቃል ወይስ ዞሮ መመለስ ይሻላል የሚለው ይወሰናል። አሰልጣኞች በማደሻ ሥልጠና ጊዜ ገመዱን ሳያስጠነቅቁ ይለቁታል። እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግመዋለሁ፤ ቤተሰቦቼ «ገመድ ተበጠሰ!» የሚለውን ለምደውታል።

ረፋድ ላይ አሞራ ገደል ስሄድም የማየው ይህንኑ ትምህርት ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን ከለቀሙ በኋላ መሬቱ እስኪሞቅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ጥቂት ክንፋቸውን መትተው ይነሡና ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ይወጣሉ። አንዱ ቶሎ ሲወጣ ካዩ ሌሎቹ ወደ እርሱ ይሄዳሉ፤ ግላይደር አብራሪዎችም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ጀርመን ስደርስ የምጀምረው በዊንች ብቻ ነው፤ በሞተር አውሮፕላን ተጎትቶ መነሣት ውድ ከመሆኑም በላይ ለሁለቱ የአነሣስ ዘዴዎች ለየብቻ በ24 ወራት ውስጥ 5 መነሣት ስለሚጠየቅ፣ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማዳረስ አልፈልግም። አሰልጣኙን የምለምነውም አንድ ነገር ነው። በኤኤስኬ 21 አሰልጣኝ ከኋላ ስለሚቀመጥ የተማሪው ራስ ሁልጊዜ ከፊቱ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት በሚገባ ዞሬ መመልከቴን፣ በበረራው መጨረሻም እንደ መጀመሪያው መሆኔን እያየ ካረፍን በኋላ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። የሚለኝን በሚቀጥለው ክፍል አካፍላችኋለሁ። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።