የማሄንጌ ሩብ ሰዓት

እሺ፣ እየቀዳሁ ነው። ከኋላዬ የምትሰሙት መሰርሰሪያ ነው። አዎ፣ ጎረቤታችን፤ ዛሬም አልጨረሰም።

ስለ አዲሱ ሥራ አወራችኋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ይቆየን። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። እሱን ካላወጣሁ ሌላ ወሬ አይመጣልኝም።

ቅዳሜ ቡና ላይ የማጂ ማጂን ጦርነት አነሳሁ። የዛሬዋ ታንዛኒያ በጀርመን ስትገዛ፣ ከ1905 እስከ 1907 የተካሄደው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታባችሁ። ያ ጓደኛችን፣ ተከራካሪው፣ «ጥይት ውሃ ይሆናል ብለው መትረየስ ላይ የሄዱት አይደሉ?» አለና ሳቀ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ደሜ ፈላ። ተከራከርን፣ ቡናው ቀዘቀዘ፣ ወደየቤታችን ሄድን። ንዴቱ ግን እኔ ጋ ቀረ።

ማሄንጌን ልንገራችሁ።

ኦገስት 30፣ 1905። ማሄንጌ ላይ የጀርመን ምሽግ አለ፤ ቦማ ነው የሚሉት። ምቡንጋና ፖጎሮ የሚባሉ ሕዝቦች ተነስተው መጡበት። እዚያ የነበረ አንድ ሚሲዮናዊ ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ሰዎቹ ተሰልፈው ነው የሚመጡት። ተኩሱ የተከፈተው ገና አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ነው። ሁለት መትረየስ፣ ላዩ ላይ ደግሞ የነጮቹና የወታደሮቹ ጠመንጃ። ሰልፉ እየሳሳ ሄደ። ግን አልተበተነም። ሩብ ሰዓት ያህል፣ ጥይት እንደ በረዶ እየወረደባቸው፣ ሥርዓታቸውን ይዘው ወደ ፊት መራመድ።

ሩብ ሰዓት! ስልካችሁ ላይ አስራ አምስት ደቂቃ ሙሉና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ረጅም ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ መሃል ላይ ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ።

አሁን አስቡት። የመጀመሪያው ሰው የወደቀው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። አጠገቡ የነበረው አይቷል። ከጥይት ያድናል ተብሎ የተሰጣቸው ውሃ ጥይት እንደማያቆም እዚያው፣ በዓይኑ፣ አውቋል። የቀሩትን ደቂቃዎች ታዲያ በምን ሄዷቸው? እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ሳቁ የሚሠራው ለመጀመሪያዋ ደቂቃ ብቻ ነው። ለሌላው አይሠራም።

በኋላ ሰልፉ ፈረሰ፣ የተረፉት ከየድንጋዩ ጀርባ ተሸሸጉ። ያን ጊዜ በሌላ አቅጣጫ ሁለተኛ ሰልፍ መጣ። የመጀመሪያው ምን እንደገጠመው ድምፁን ሰምተዋል። መጡ። አንዳንዶቹ ከተኳሾቹ ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ነው የወደቁት። ሦስት እርምጃ... ከዚህ ማይክ እስከ በሩ ድረስ ማለት ነው።

ቆይ፣ ውሃው ከየት መጣ የምትሉ ትኖራላችሁ። ኪንጂኪቲሌ ንግዋሌ የሚባል ሰው ነበር፣ ንጋራምቤ በሚባል ቦታ። በ1904 መንፈስ ወረደበት፤ ወንዝ ውስጥ ገብቶ አድሮ በማግስቱ ልብሱ ሳይረጥብ ወጣ ይባላል። ከዚያ ሰው ከየአቅጣጫው መጉረፍ ጀመረ። ውሃ፣ የጉሎ ዘይትና የማሽላ ዘር ያለበት መድኃኒት ይሰጣቸዋል። የጦርነቱም ስም ከውሃው የመጣ ነው። ጀርመኖች ኪንጂኪቲሌን ኦገስት 4 ቀን ሰቀሉት፣ ማለትም ማሄንጌ ከመደረጉ በፊት። ከመሞቱ በፊት «ትምህርቴ እናንተ ካላችሁበት አልፎ ሄዷል» የሚል ነገር ተናግሯል ይባላል። ብሎት ከሆነ እውነቱን ነው። ለብቻ ለብቻ የኖሩ፣ አንዳንዴም እርስ በርስ የተዋጉ፣ ከ20 በላይ ሕዝቦች በወራት ውስጥ አንድ ጦርነት ውስጥ ገቡ። ስልክ የለ፣ ሬዲዮ የለ። ያደረሳቸው ያ ውሃ ነው። ይህን ሥራ የሠራን ነገር «ከንቱ እምነት» ብሎ ማለፍ... አይዋጥልኝም።

ደግሞ ሰዎቹ የተነሱት በውሃው አይደለም። በጥጥ ነው! ገዥው ፎን ጌትሰን ከ1902 ጀምሮ በየመንደሩ የጋራ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። ሰው በግድ ይሠራል። የገዛ እህሉ ማሳ ላይ እየረገፈ እሱ የመንግሥት ጥጥ ይለቅማል። አኪዳ የሚባለው ሹም የጉማሬ አለንጋ ይዞ ይቆምበታል። የጎጆ ግብሩ አልቀረም። ክፍያው ሲመጣ ደግሞ፣ ዳሬሰላም አካባቢ ለዓመት ድካም 35 ሳንቲም ተሰጣቸው፤ አንቀበልም አሉ። እኔም አልቀበልም ነበር።

ስለዚህ ጦርነቱ እንዴት ተጀመረ? ጁላይ 1905 መጨረሻ ላይ፣ ናንዴቴ በሚባል የማቱምቢ መንደር፣ ጥቂት የጥጥ ተክል ከነሥሩ ነቀሉ። የጦርነት አዋጁ ያ ነው። ምንም ንግግር የለውም። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌ ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እያወቅኩም ደስ ይለኛል።

እሺ... አሁን የምለውን እናቴ ብትሰማ ቅር ይላት ይሆናል። እማዬ፣ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ከማሄንጌ ዘጠኝ ዓመት በፊት አድዋ ነበር። እኛም ባዶ እጃችንን አልዘመትንም፤ ታቦት ይዘን ነው የዘመትነው። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ አብሮን ተዋጋ እንላለን። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እላለሁ፣ ደስ ብሎኝ። በዚህ ማንም አይስቅም። እምነት ይባላል። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር እንዘምራለን። ግን ሚኒልክ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ነበራቸው፣ መድፍም ነበራቸው። የዓመታት ዝግጅት ነበራቸው። ምቡንጋዎቹና ፖጎሮዎቹ ይህ አልነበራቸውም። ጦር፣ ጥቂት አሮጌ ነፍጥ፣ እና ውሃ። እኛ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ ታቦቱን ዛሬ ማን ምን ብሎ ይጽፈው ነበር? አንድ የጣሊያን መኮንን ቁጭ ብሎ፣ «ሳንቃ ተሸክመው መድፍ ላይ መጡ» ብሎ...

አይ። ልክ ነው ወይ ያልኩት? ታቦትና የኪንጂኪቲሌ ውሃ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ጸበል እየጠጣሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ፤ ልዩነቱ አይጠፋኝም። የምለው... ሲያሸንፉ እምነት፣ ሲሸነፉ ሞኝነት የሚባል ነገር ያንገበግበኛል። ከዚህ በላይ አሁን ልገፋው አልችልም። ይኸው ይቀመጥ።

በጥይት ብቻም አይደለም የተሸነፉት። ይህን ማንም አያወራውም። ሕዝቡ ጫካ ገብቶ መዋጋቱን ሲቀጥል፣ ፎን ቫንገንሃይም የሚባል ሻምበል፣ የመጨረሻውን መንበርከክ የሚያመጣው ረሃብ ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። ተደረገም። መንደር ተቃጠለ፣ ጎተራ ተቃጠለ፣ ማሳ ወደመ። በጀርመን ወገን የሞቱት ነጮች 15 ናቸው። በዚያ በኩል የሞተውን ጀርመኖቹ ራሳቸው 75,000 ነው አሉ፤ በኋላ ያጠኑት የታሪክ ሰዎች ከ250,000 እስከ 300,000 ያደርሱታል። አብዛኛው በረሃብ። ሰው ያለቀበትን አገር ጫካና ዝሆን ወረሰው። ከፊሉ በኋላ የአውሬ ጥብቅ ክልል ሆነ፤ ዛሬ ቱሪስት ካሜራ ይዞ የሚገባበት። እኔ ራሴ አንድ ቀን እሄዳለሁ ብዬ የተመኘሁት ቦታ ነው። አሁን ብሄድ ምን እንደማይ እንጃ።

በጀርመን ወገን ደግሞ 389 አፍሪካውያን ወታደሮች ሞተዋል። አስካሪዎቹ። መትረየሱ አጠገብ ሆነው ያን ሩብ ሰዓት ሲተኩሱ የነበሩት አብዛኞቹ እነሱ ናቸው። ሰውየው ሦስት እርምጃ ሲቀረው ፊቱን አይተውታል። ስለነሱ ለማውራት አቅሙ የለኝም ዛሬ። የኛ አገር ባንዳና አስካሪ ወሬም ይነሳና... አንጨርሰውም።

በኋላ የታንዛኒያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ጁሊየስ ኔሬሬ በ1956 የተባበሩት መንግሥታት ፊት ቆሞ፣ ሕዝቡ የተዋጋው ነጭ ጥቁርን የመግዛት መብት አለው ብሎ ስላላመነ ነው ብሎ ተናግሯል። ወላጆቹ ሲቀለድባቸው ለኖረ ትውልድ ይህ ትልቅ ነገር ይመስለኛል። በኖቬምበር 2023 ደግሞ የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ሽታይንማየር ሶንጌያ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ከተማዋ የተሰየመችው በተሰቀለው የንጎኒ መሪ በሶንጌያ ምባኖ ነው። ቤተሰቡ የራስ ቅሉን ይፈልጋል፣ ጀርመን ተወስዷል ብለው ያምናሉ። እስከ ዛሬ እየፈለጉ ነው።

ይቅርታውን ሳየው አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ ገና አልገባኝም። ምናልባት የተሰቀለው ሰው ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ሙዚየም አለው። ጎተራዋ ተቃጥሎባት ሥር እየቆፈረች ልጆቿን ልታበላ የሞከረችው እናት ግን ማን ናት? ይቅርታው እሷ ጋ ይደርሳል? ወይስ የሚጠየቀው ተዋግቶ ለሞተ ብቻ ነው... አላውቅም። ዳሬሰላም ያላችሁት አድማጮቻችን፣ እናንተ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚያስተምሯችሁ ጻፉልኝ፤ ውሃው ነው የሚቀድመው ወይስ ጥጡ? እኔ ብሆን ጥጡን አስቀድም ነበር። ወይም... አይ፣ ውሃውን ካላስቀደምክ ደግሞ ሰዎቹ እንዴት እንደተገናኙ አይገባህም። ቆይ፣ እዚህ ላይ እንደገና—